«ድምፅ የለውም» ከምትሉ «ገና ነው» በሉን፦ ለልጆች ኅብረ ዝማሬ ቦርድ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለማኅበረሰቡ የልጆች ኅብረ ዝማሬ የሥራ አመራር ቦርድ
ለድምፅ ፈተና ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ የዘንድሮውን የድምፅ ፈተና አሰጣጥና የውጤት አገላለጽ ይመለከታል

የተከበራችሁ የቦርዱና የኮሚቴው አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ልጆቻችንን ለዘንድሮው የድምፅ ፈተና ያቀረብን አሥራ አንድ ወላጆች ነን። የአራታችን ልጆች አልፈዋል፤ የሰባታችን ወድቀዋል። የአላፊዎቹም ወላጆች አብረው መፈረማቸውን አስቀድመን የምንነግራችሁ፣ ጽሑፋችን «ልጃቸው ስለ ወደቀባቸው ነው» ተብሎ ከመሳቢያ እንዳይገባ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጽፈንላችኋል። የመጀመሪያውን የተቀበለችን የቢሮ ሠራተኛ «ይደርሳል» አለችን፤ ሁለተኛውን ይዘን ስንመለስ የመጀመሪያው እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ሦስተኛውን በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዕሩን ለእኔ የሰጡኝ በአራሚነት ስለምተዳደር ነው። ከሰው ጽሑፍ ውስጥ ስህተት መልቀም ሥራዬ ቢሆንም፣ በውጤት ማስታወቂያችሁ ላይ «ድምፅ» የሚለው ቃል አንድ ቦታ በጸሎቱ «ጽ»፣ ሌላ ቦታ በፀሐዩ «ፅ» መጻፉን አላነሣም። የማነሣው ከቃሉ ቀጥሎ የሰፈረውን ነው። ከሰባቱ ልጆቻችን በአምስቱ ስም ትይዩ «ድምፅ የለውም» ወይም «ድምፅ የላትም» ይላል።

ስትመሠረቱ ለሰፈሩ ሁሉ የበተናችሁት ወረቀት ዛሬም እጃችን ላይ አለ። «መዘመር የሚወድ ማንኛውም ልጅ» ይላል፤ ዝቅ ብሎም «የሙዚቃ ትምህርት እንሰጣለን» ይላል። አዳራሽ ጠርገን፣ ወንበር ደርድረን፣ ለመጀመሪያው ኮንሰርት መጋረጃ ሰቅለን ያገዝናችሁ ይህን ቃል ይዘን ነው። ዘንድሮ የወጣው የፈተና መመሪያ ያንን ወረቀት ሳይጠቅስ ሽሮታል። አሁን የሚፈለገው መዘመር የሚወድ ልጅ ሳይሆን መዘመር ተምሮ የጨረሰ ልጅ ነው። ቅሬታችን ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ዝርዝሩን እነሆ።

አንደኛው የፈተናውን ክፍልና የቃና አሰጣጡን ይመለከታል። እዚህ ላይ የራሴን ልጅ ባነሣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በር ላይ ቆሜ ያየሁትና የሰማሁት የእርሷን ነውና።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚያ ጠዋት በኮሪደሩ ግድግዳ ሥር ከተደረደሩት ልጆች አሥራ ስምንተኛዋ ነበረች። የክፍሉ በር አይገጥምም። ስለዚህ ከእርሷ በፊት የገቡት ልጆች ሲስቱ ሰምታለች፤ አንደኛው ሲያለቅስ ሰምታለች፤ ከፈታኞቹ አንዱ ሲስቅም ሰምታለች። ተራዋ ደርሶ ስሟ ሲጠራ እጄን የለቀቀችው ጣት በጣት ነው።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። ሰላምታ አልነበረም። ከመካከላቸው ድምፀ ጎርናናው ፈታኝ በራሱ ድምፅ አንድ ቃና ሰጣትና «ድገሚ» አላት። ከዚያ በበሩ ክፍተት የሰማሁት ድምፅ የልጄ አልመሰለኝም። ከጉሮሮ ሥር ተፈልጎ የሚወጣ፣ እንደ ሸካራ ገመድ የሚጎተት ነገር ነበር። «ጮክ በይ» አላት። ጮክ ስትል ባሰባት። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች፤ «በቃ» ተባለች።

ምን እንደ ሆነ የገባኝ በኋላ የሙዚቃ መምህራንን ጠይቄ ነው። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ከልጅ ድምፅ በአንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት) ገደማ ዝቅ ይላል። የለመደ ዘማሪ ያንን ቃና ሰምቶ በራሱ ከፍታ ይመልሰዋል። ያልለመደች ልጅ ግን የሰማችውን እዚያው የሰማችበት ቦታ ልትይዘው ወደ ታች ትወርዳለች፤ እዚያ ታች ደግሞ ለእርሷ የሚያዝ ነገር የለም። ብዙ ልጆች ቃና የሚቀናቸው ከሌላ ልጅ ወይም ከሴት ድምፅ ሲሰሙት ነው። ልምድ ያለው ወንድ መምህር እንኳ ድምፁን አቅጥኖ ወደ ልጁ ከፍታ ይወጣል እንጂ ልጁን ወደ ራሱ አይጎትትም። ልጄን የጣላት ታዛዥነቷ ነው። የተሰጣትን ቃና ቃል በቃል ስትፈልግ ጠፋባት።

ለሁሉም የታዘዘው መዝሙርም ያው ነው። ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ ጉሮሮ የማያስጨንቀው ክልል ከመካከለኛው ዶ (በፒያኖ ሰሌዳ መካከል ካለው) በላይ ካለው ሬ እስከ ላ ገደማ ነው፤ ልምምድ ሲጨምር ወደ ላይም ወደ ታችም ይሰፋል። የእናንተ መዝሙር የሚነሣው ከመካከለኛው ዶ በታች ካለው ላ ነው። አጃቢው በኪቦርድ ስለሚጫወት መነሻውን ከፍ ማድረግ አንድ ቁልፍ የመጫን ያህል ቀላል ነበር። ከአሥራ አንዱ ልጆቻችን «ከፍ ላድርግልህ?» የተባለ አንድም የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ መንገድ ዝም ብላ ሄደች። መንገድ ለመሻገር ቆመን ሳለ ያንኑ ሐረግ ለራሷ ጀመረችው። መነሻውን ራሷ መረጠች። ከዳር እስከ ዳር ልክ ነበር። አላመሰገንኳትም፤ እንደሰማኋት ካወቀች ታቆመዋለች ብዬ ፈራሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ የአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ልጁ ይንተባተባል። አባቱ ከእኛ ጋር ፈርመዋል፤ ታሪኩ እንዲጻፍም ፈቅደዋል።

መመሪያችሁ ልጁ ከመዘመሩ በፊት ራሱን በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲያስተዋውቅ ያዛል። ለእያንዳንዱ ልጅ የተመደበው ሦስት ደቂቃ ነው። ይህ ልጅ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ተያዘ። ከፈታኞቹ አንዱ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ይነካካ ጀመር። ሌላው ከዝርዝሩ ላይ አይቶ ስሙን ጨረሰለት፤ ደግ ያደረገ መስሎት ይሆናል። ልጁ ግን እንደ ገና ከመጀመሪያው ፊደል ተነሣ። ደቂቃው አለቀ፤ «እናመሰግናለን» ተብሎ ወጣ። አንዲት ቃና ሳይዘምር ወጣ ማለት ነው። በውጤት ሰሌዳው ላይ ግን «ድምፅ የለውም» ተብሏል።

ያልሰማችሁትን ድምፅ አለመኖሩን በምን አወቃችሁ?

ሲናገር የሚንተባተብ ሰው ሲዘምር አብዛኛውን ጊዜ እንደማይንተባተብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ዝማሬ ትንፋሹንም ምቱንም አስቀድሞ ስለሚሰጠው ቃሉ በተዘጋጀለት ቦታ ላይ ያርፋል። አባቱ እንደነገሩን ይህ ልጅ ቤት ውስጥ ስሙን በዜማ ሲጠራ አይሰናከልም። ወደ እናንተ የመጣውም ሳይሰናከል አፉን የሚከፍትበት አንድ ቦታ ስለሚያውቅ ነው። በሩ ላይ የጠየቃችሁት የማይችለውን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ኖታ ማንበብ። በዚህ ላይ ብዙ አላስረዝምም፤ ነገሩ ራሱ ግልጽ ነው። ለስምንት ዓመት ልጆች የአራት መስመር ኖታ ሰጥታችሁ «ዘምሩት» ብላችኋል፤ ከመቶው ሠላሳውን ነጥብም ለዚህ መድባችኋል። ኖታ ማንበብ ያስተማራቸው ማን ነው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ካለፉት ከአራቱ ልጆቻችን ሦስቱ ቤት ድረስ የሚመጣ የፒያኖ ወይም የቫዮሊን አስተማሪ አላቸው። ይህን የነገሩን ራሳቸው የአላፊዎቹ ወላጆች ናቸው። አንዷ እናት በስብሰባችን ላይ ያሉትን እንዳለ ላስፍር፦ «የእኔ ልጅ ያለፈችው ድምፅዋ ከእናንተ ልጆች በልጦ ሳይሆን ሁለት ዓመት ስለከፈልኩላት ነው፤ ደስታዬ ከሐፍረት ጋር ሆነብኝ።»

ኖታ ማንበብ እኮ የኅብረ ዝማሬ መግቢያ በር ሆኖ አያውቅም፤ ኅብረ ዝማሬ ውስጥ የሚገኝ ትምህርት ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዳሬዞ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ የሚሉትን ስሞች ለቃናዎች የሰጠው ምን ቸግሮት ነው? የሚያስተምራቸው ልጆች አዲስ ዜማ ለመያዝ ዓመታት ስለሚፈጅባቸው ነው። ልጆቹ አስቀድመው ባለማወቃቸው አላባረራቸውም፤ መላ ፈለገላቸው። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲና መምህር ዞልታን ኮዳይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው አስተምህሮም ጆሮን ያስቀድማል፦ ልጁ መጀመሪያ ይዘምራል፣ ቀጥሎ ቃናዎቹን በእጅ ምልክት ያሳያል፣ ወረቀቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ከወረቀቱ ጀመራችሁ።

ፈተና አይኑር አላልንም። እንዴት ያለ ፈተና እንደምንሻ ለማሳየት አንድ የቆየ ታሪክ እናንሣ። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆሴፍ ሃይደን የሕይወቱን ታሪክ ለጻፉለት ሰዎች ከአንደበቱ እንደተረከላቸው፣ ስምንት ዓመት ገደማ ሳለ ጌኦርግ ሮይተር የተባለ የቪየና የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል የሙዚቃ ኃላፊ ዘማሪ ልጆች ሲያፈላልግ አገኘው። ሮይተር «ድምፅህን ማርገብገብ ትችላለህ?» ሲል ጠየቀው። ሃይደን እንደማይችል፣ የሚያስተምረው ዘመዱም እንደማይችል ነገረው። ሰውዬው «ወድቀሃል» ብሎ አልጻፈም። አሠራሩን አሳየውና «ሞክር» አለው። ልጁ ከጥቂት ሙከራ በኋላ አደረገው፤ ሮይተርም አጨብጭቦ ኪሱን በቼሪ ሞላለት። ፈታኙ የመዘነው ልጁ ያወቀውን ሳይሆን ሲያሳዩት የሚቀበለውን ነው። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ይኸው ታሪክ ግን መራራ ጫፍ አለው፤ ወደ አራተኛው ቅሬታችን የሚወስደንም እርሱ ነው። ያ በቼሪ የተቀበሉት ልጅ ድምፁ ሲጎረንን ከዚያው ቤት ተሰናበተ።

ከእናንተ ጋር አራት ዓመት የዘመረ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ዘንድሮ «ነባር አባላትም በድጋሚ ይፈተኑ» በሚለው አዲስ ደንብ መሠረት ቀረበ። ድምፁ መለወጥ ጀምሯል። መዝሙሩ መካከል ላይ ተሰነጠቀበት፤ አንድ ጊዜ የልጅ፣ ወዲያው ደግሞ የጎልማሳ ሆነበት። ራሱ ሳቀ፤ ሌላ ምን ያድርግ? በማግስቱ የደንብ ልብሱን እንዲመልስ ተነገረው። እናቱ ልብሱን አጥባ ተኩሳ ብትሰጠውም እርሱ ዘርግቶ እንደ ገና አጠፈው፤ በኮንሰርት ማግስት ታላላቆቹ ልጆች ያስተማሩት አስተጣጠፍ አለና በዚያ መልክ አጥፎ ነው የመለሰው።

ይህ ሕመም ወይም ስንፍና አይደለም። በጉርምስና ጊዜ ማንቁርት ያድጋል፤ የድምፅ ጅማቶች ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ፤ የወንድ ልጅ ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ገደማ ይወርዳል። ለብዙዎቹ በ12 እና በ14 ዓመት መካከል ይጠናከራል። አሜሪካዊው የልጆች ድምፅ ተመራማሪ ጆን ኩክሲ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለውጡ በአንድ ሌሊት የሚፈርስ ግድግዳ ሳይሆን በየደረጃው የሚወርድ ደረጃ መሆኑን ዘርዝረው ጽፈዋል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ልጁ ሊዘምረው የሚችል፣ ጠባብም ቢሆን የራሱ ክልል አለ። ከአምስት ስድስት ቃና የማይበልጥ መስመር የሚጽፍለት አሠልጣኝ ካለ ልጁ ከቦታው አይነሣም። ልጃገረዶችም ድምፃቸው ይለወጣል፤ ትንፋሽ ይበዛበታል፣ ይሻክራል፤ ነገሩ ጎልቶ ስለማይሰማ ብቻ እንጂ እነርሱም በዚህ ፈተና ነጥብ ያጡበታል።

በኋላ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ የሆነው ፍራንዝ ሹበርት በ1808 (እ.ኤ.አ.) የቪየና የቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ዘማሪ ልጅ ሆኖ ገብቶ ነበር። በ1812 ድምፁ ሲለወጥ፣ ሲዘምርበት በነበረው የኖታ ወረቀት ላይ «ሹበርት ፍራንዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጮኸበት፣ ሐምሌ 26» የሚል ትርጉም ያለው ማስታወሻ ተወ፤ የተጠቀመበት ቃል የአውራ ዶሮ ጩኸት የሚገለጽበት ነው። ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። በራሱ ላይ ሲቀልድ ነው፤ ግን ከደንብ ልብሱ ጋር የተመለሰውን ልጃችንን ያየ ሰው በዚያ ቀልድ አይስቅም።

አምስተኛውና ያንገበገበን የውጤቱ አገላለጽ ነው።

የሁሉም ልጅ ስም፣ ነጥብና አስተያየት በአዳራሹ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ተለጥፏል። የወደቁት በቀይ ተጽፈዋል። ሰሌዳው በልጆች ቁመት ልክ ነው፤ ሲተከል ልጆቹ እንዲያነቡት ተብሎ ነውና። ልጆቹም አነበቡት። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ «ድምፅ የላትም» የአንዲት ልጅ ቅጽል ስም ሆኖ ተገኘ።

አስተያየቱ ከጭካኔው በፊት ሐሰት ነው። ቃናን ከቃና ለይቶ ለመስማት በተፈጥሮ የሚቸገሩ ሰዎች አሉ፤ ጥናቶች በቁጥሩ ቢለያዩም ከመቶ ሰው ከአንድ እስከ አራት ገደማ ቢሆኑ ነው። የቀረው ሕዝብ ጆሮው ጤነኛ ነው። ልጅ ቃና የሚስተው ባብዛኛው የሰማውንና የሚያወጣውን ገና ስላላስተባበረ ነው። ልጆች የመዝሙሩን ቃላት ቀድመው ይይዛሉ፤ ቀጥሎ የዜማውን መውጫና መውረጃ፤ ትክክለኛው ቃና በኋላ ይመጣል። በሰባት ዓመቱ የሚስት ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ልክ ሆኖ ቢገኝ ተአምር አይባልም፤ ሲዘምር ከቆየ ማለት ነው። ማቆም እንዳለበት በቀይ ካልተጻፈለት።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በስምንት ዓመቴ ለትምህርት ቤት በዓል ስንለማመድ አስተማሪያችን በረድፉ መካከል ጆሯቸውን እያስጠጉ አለፉ። እኔ ጋ ቆሙ። «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም፣ ትከሻዬን ዳበስ አድርገው ነው። ታዘዝኩ። እስከ ዛሬ እየታዘዝኩ ነው። በልጄ የልደት ቀን ሁሉ ሲዘምር የእኔ አፍ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይወጣውም። ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ አስተውላ «እማዬ፣ ያንቺ ለምን አይሰማም?» ብላኛለች። ያኔ የመለስኩላትን አላስታውስም። ዘንድሮ ግን ያንኑ ፍርድ በሰሌዳ ላይ፣ በስሟ ትይዩ አነበብኩት።

አቋማችሁ ጥብቅ ደረጃ መጠበቅ ነው ከተባለ፣ ከጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከዮሐን ሴባስቲያን ባኽ የጠበቀ ይኖራል ብለን አናምንም። ባኽ በላይፕዚግ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዝሙር መሪ ሳለ፣ ነሐሴ 23 ቀን 1730 (እ.ኤ.አ.) ለከተማው ምክር ቤት የአቤቱታ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። እርሱም እንደ እኛ ተማርሮ ነው። በእጁ ያሉትን 54 ልጆች በሦስት ከፈላቸው፦ 17ቱ የሚሆኑ፣ 20ዎቹ ገና ያልደረሱ፣ 17ቱ የማይሆኑ። የመጨረሻዎቹን «የማይሆኑ» ማለቱን አንሸሽግም፤ ሰውዬው ተቆጥቶ ነበር። ነገር ግን ከሦስቱ ትልቁ ክፍል መካከለኛው መሆኑን ልብ በሉልን። ባኽ እንኳ፣ ተቆጥቶ፣ ለአለቆቹ ሲከስ፣ «ገና» የሚል ቦታ ነበረው። የእናንተ ሰሌዳ ሁለት ዓምድ ብቻ ነው ያለው። ደግሞም የባኽ ወረቀት የተላከው ለምክር ቤቱ ነው እንጂ በልጆቹ መኝታ ቤት በር ላይ አልተለጠፈም።

የእናንተንም ችግር አናጣውም። አዳራሹ ስንት ልጅ እንደሚይዝ እናውቃለን፤ ወንበሮቹን የደረደርነው እኛው ነን። አሠልጣኙ አንድ ሰው ናቸው። ለመድረክ የሚቀርበው ቡድን ተመርጦ መቅረቡንም አንቃወምም፤ ኮንሰርት ለመስማት የሚመጣ ሰው ጥሩ ነገር መስማት አለበት። የምንቃወመው የመድረኩን ምርጫ የትምህርቱ መግቢያ ማድረጋችሁን ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ሰሌዳው ላይ ያለው ዝርዝር ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ ዕለት ይነሣ። ይህ ስብሰባና ቃለ ጉባኤ አያስፈልገውም፤ አራት መርፌ መንቀል ነው። ከእንግዲህ ውጤት ለየወላጁ በታሸገ ወረቀት ይሰጥ፤ ከነጥቡ ሥር ልጁ ምን ቢለማመድ እንደሚሻሻል የሚናገር ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት። ያ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍለት የማይችል ልጅ በደንብ አልተደመጠም ማለት ነው።

ዘንድሮ የወደቁት ልጆች ሁሉ፣ የእኛ ሰባቱ ብቻ ሳይሆኑ፣ እንደ ገና ይደመጡ። ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆነው ይግቡ፤ በሩ ይዘጋ፤ የቆሙት ልጆች ከሌላ ክፍል ይጠብቁ። እያንዳንዱ የሚወደውን መዝሙር ራሱ በመረጠው መነሻ ይጀምር። ቃና የሚሰጠው በሴት ወይም በልጅ ድምፅ ይሁን፤ ከነባር ዘማሪዎቻችሁ አንዷ ብትቆምላቸው ለእርሷም ክብር ነው። ከዚያም አጭር ሐረግ አስተምሯቸውና ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ሙከራ ምን ያህል እንደተጠጉ መዝግቡ። ምቱን በእጃቸው አጨብጭበው ይድገሙ። የንግግር ማስተዋወቂያው ይቅር፤ ስማቸው ከዝርዝሩ ላይ አለ። ኖታ ንባብም ካስተማራችኋቸው ከአንድ ዓመት በኋላ ይሁን፤ ያኔ የሚመዘነው የእናንተ ማስተማር ስለሚሆን ፈተናው ለሁላችንም ይጠቅማል።

ገና ላልደረሱት የማለማመጃ ቡድን ይከፈት። አሠልጣኝ የለም እንዳትሉን በጉዳዩ ተነጋግረናል። ከፈረሙት ወላጆች አንዱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን በነፃ ለመምጣት ተስማምተዋል። የቀረነው በየተራ ልጆቹን እንጠብቃለን፣ አዳራሹን እናጸዳለን። እኔም እመጣለሁ፤ አፌን ብቻ ሳላንቀሳቅስ ለመዘመር እሞክራለሁ፤ የልጆቹን ቃና እንዳላበላሽ ከኋላ ብታስቀምጡኝ ቅር አይለኝም።

ድምፁ የተለወጠው ልጅ የደንብ ልብሱ ይመለስለት። የሚዘምረው መስመር እስኪዘጋጅ ኖታ ያዙር፣ ምት ይያዝ፣ ታናናሾቹን ያሰልፍ፤ ነገር ግን በስም ዝርዝሩ ላይ ይቆይ። ነባር አባላት በየዓመቱ ይፈተኑ የሚለው ደንብም ድምፃቸው በመለወጥ ላይ ያሉትን እንዳይመለከት ተብሎ ይስተካከል።

የመጀመሪያው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ እንድትመልሱልን እንጠይቃለን። «ይደርሳል» የሚል መልስ አንቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣

የድምፅ ፈተና የተፈተኑ ልጆች ወላጆች
(አሥራ አንድ ፊርማ ተያይዟል)

ጸሐፊ፦ የአሥራ ስምንተኛዋ ተፈታኝ እናት

ግልባጭ፦
ለኅብረ ዝማሬው አሠልጣኝ
ለነባር አባላት ወላጆች
በአዳራሹ በር ላይ ለሚገኘው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በልጆች ቁመት ልክ